መርፌ ስታመነታ

ሰኔ ነው፣ ክረምት ነው፣ ታልካዋኖ ወደብ፤
ጀልባ ከጀልባ ጋር በገመድ ሲሳሳብ፣
ዶን ኤቫሪስቶ መጣ፣ ሣጥኑን አቅፎ፣
ሰባውን ተሻግሮ፣ ሁለት አሳልፎ።
ኮምፓስ አራሚ ነው፤ ሌላ ሙያ አያውቅም።
«ምን ትሠራለህ?» ሲሉት
«ሰሜንን ወደ ሰሜን መመለስ» ይላቸዋል፤
ሰው ይስቃል እንጂ እሱ ራሱ አይስቅም።

እኔ ረዳቱ ነኝ፣ አምስት ወር ያልሞላኝ፤
የያዝኩትን ትቼ ያልያዝኩት የሚያምረኝ።
የእህቴ መልእክት አለ፣ ሳልመልሰው ያደረ፣
የቤት ኪራይ አለ፣ ሦስት ቀን ነው የቀረ፣
የማታ ትምህርቴ፣ አንድ ምዕራፍ ላይ የታሰረ፤
ያን ቀን እጄ ገመድ ሲፈታ
ልቤ ሌላ ቋጠሮ ይዞ ነበረ።

ጀልባዋ የኤርሚንዳ ናት፤
ስሟ «ላ ተርካ»፣ ግትሯ እንደማለት።
ባለፈው ሳምንት ጉም ሲወርድባት
ከአለት ጥርስ ያመለጠች፣ በአንድ ክንድ ርቀት።
ኤርሚንዳ ትምላለች፦
«መሪውን አለቀቅኩም፣ ዓይኔንም አልከደንኩ፤
ቁጥሩን ተከተልኩ፣ ቁጥሩን አመንኩ።
ወይ መርፌዋ ዋሸች፣ ወይ ባሕሩ ዞረ።»
ሽማግሌው ጢሙን ዳሰሰ፤ ምንም አልተናገረ።

ወጣን። ከደሴቷ ጫፍ ነጭ የመብራት ማማ፣
ዝናብ ሲያባራ ብቅ፣ ሲመለስ ጨለማ፤
ጀልባዋ አውድማ ላይ እንዳለ በሬ ቀስ ብላ ስትዞር፣
እሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ
ማማውን ሲያልም፣ ሲጠራልኝ ቁጥር።
ሰሜን ላይ ሁለት ዲግሪ። ምሥራቅ ላይ አምስት።
ደቡብ ላይ አሥራ አንድ፤ ወዲያው ስድስት፤
እንደገና አሥራ አንድ።
ሣጥኑን ከፈተ። እንደ እርሳስ የቀጠኑ ማግኔቶች፣
አንዱን ሰካ፣ አንዱን ነቀለ፤ መርፌዋ ግን እኔን ትከተላለች፤
ጠጋ ስል ትመጣለች፣ ፈቀቅ ስል ትሄዳለች።
ቀና ብሎ አየኝ።
«ሌዋንድሮ» አለ፣ «ኪስህ።»

ስልኬን አወጣሁ፤ እጄ ላይም ይንቀጠቀጣል።
ከዚያ ቢላዬን። ከዚያ ቁልፎቼን፣
አንዱ የማን ቤት እንደሆነ የረሳሁትን።
በላስቲክ ባልዲ ሰብስቦ ወደ ጀልባዋ ጭራ ወሰዳቸው።
«እንግዲህ» አለ፣ «ከጀልባዋ ጋር እንነጋገር፤
እስካሁን ያወራነው ካንተ ጋር ነበር።»

ሲጨርስ ግን መርፌዋ ዜሮ አልገባችም፤
ሰሜን ላይ ግማሽ፣ ምዕራብ ላይ ሦስት ቀራት።
«ይኼስ መቼ ያልቃል?» አልኩት።
«ሞተሩ ብረት፣ መልሕቁ ብረት፣ ምስማሩ ብረት፤
የሚጎትታትን ሁሉ ነቅለህ ብትጥልላት
የሚተርፈው ሳንቃና የዓሣ ሽታ ነው፤ ማን ይሄድባት?
የቀረውን ጻፍ። ከመሪው ፊት ስቀልላት።»

ያን ሌሊት፣ በተበላሸ ካርድ ጀርባ፣ የራሴን ጻፍኩ፦
ሰኞ ጠዋት፣ ወደ እህቴ ሦስት።
ከምሳ በኋላ፣ ወደ እንቅልፍ ዘጠኝ።
ኪራይ በሚከፈልበት ሳምንት መርፌ አይታመንም፤ ከወደብ አትውጣ።
ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፣ ወደ አባቴ።
ቁጥሩን ሳልሞላ ተውኩት።

መጀመሪያ ለእህቴ ደወልኩ። ስለ ጥርሷ ነበር።
አራት ደቂቃ ፈጀ፣
ሁለት ቀን ሙሉ የተሸከምኩት።
ከዚያ ሁለተኛውን ምዕራፍ ገለጥኩ፤
ስልኬ በሩ አጠገብ፣ ባልዲ ውስጥ፣
እንደ ሸርጣን ግድግዳውን ሲቧጭር እየሰማሁ፣
ሦስት ጊዜ ቀና ብዬ፣ ሦስት ጊዜ ተመልሼ፣
አሥራ አራት ገጽ አነበብኩ።

ሐሙስ ጉም ወረደ።
ኤርሚንዳ ካርዱን በላስቲክ ጠቅልላ፣
ከመሪው ፊት ሰቅላ፣
መስመሩን በጣቷ ተከትላ፣
ልቧ ቀኝ እያላት ሦስት ዲግሪ ግራ ያዘች።
ጉሙ ዋጣት፤ መጀመሪያ ቀለሟን፣ ቀጥሎ ስሟን።
ሞተሯ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቆየ፣
ከአንድ ወገን ሳይዋልል፣
እየራቀ፣ እየራቀ።